ቀይ ቀበሮን «ተኩላ» እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ብርቅዬ እንስሳት ለተማሪዎች የሚሆን ምንባብ እያዘጋጀሁ ነው። «ቀይ ቀበሮ» ብዬ የጻፍኩትን የሥራ ባልደረባዬ ሰርዞ «የኢትዮጵያ ተኩላ» አደረገው። «ሳይንሱ ተኩላ ነው ብሏል» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ «ቀይ ቀበሮ»ን ይያዙ። ባልደረባዎ ስለ እንስሳው የያዘው ነገር አለ፤ የሳተው ስለ ስሙ ነው። «የኢትዮጵያ ተኩላ» የእንግሊዝኛው መጠሪያ ትርጉም ነው። እንግሊዝኛው ራሱ እንስሳውን አንዴ የስሜን ቀበሮ፣ አንዴ የአቢሲኒያ ተኩላ ሲለው ኖሯል። እኛ ስም በቀየሩ ቁጥር የምንከተልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕዝብ ስም የሚያወጣው በመልክና በጠባይ ነው። የሥነ ሕይወት ባለሙያ የሚመድበው ግን በትውልድ ሐረግ ነው፤ ጥያቄው «ማን ማንን ይመስላል?» ሳይሆን «የጋራ ቅድመ አያታቸው ምን ያህል ቅርብ ነው?» የሚል ነው። ሰው ጎረቤቱን ስለመሰለ ዘመዱ አይሆንም። የቀይ ቀበሮን አፍ ልብ ብለው ይዩት፤ ረጅምና ቀጭን ነው፣ የጎን ጥርሶቹም ትንንሽና የተራራቁ ናቸው። ይህ ከቀበሮ የወረሰው ሳይሆን ፍልፈልና አይጥ ከጉድጓድ እየለቀመ መኖር ያመጣው ቅርጽ ነው። መልኩ ብዙዎችን አሳስቷል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለብቻው አዲስ ወገን የፈጠረለት ተመራማሪም ነበር። በኋላ ዲ ኤን ኤው ሲመረመር ከተኩላና ከውሻ ጋር በአንድ ወገን፣ በካኒስ ውስጥ፣ ጸና።

ታዲያ «ቀበሮ» ማለት ስህተት ነው? አይደለም፤ «ቀበሮ» የሚለው ቃል መጀመሪያውኑ የአንድ ዘር ስም ሆኖ አያውቅምና። ጀርባው ጥቁር የሆነውን የቆላ ቀበሮ ባለሙያዎች ዛሬ ሉፑሌላ በሚባል ሌላ ወገን ያስገቡታል። በረሃ ለበረሃ የሚሄዱት ጆሮ ትልልቆቹ ትንንሽ ቀበሮዎች ደግሞ የቩልፐስ ወገን ናቸው፤ ከሁለቱም ይርቃሉ። ወርቃማ ቀበሮ ይባል የነበረው የአፍሪካው እንስሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የዘረመል ጥናት ተኩላ ተብሎ ራሱን ቻለ። በባልደረባዎ መንገድ ከሄድን ስንቱን ቀበሮ ስም ልናወጣለት ነው?

ጥንቃቄ የሚያሻው ዐረፍተ ነገሩ ላይ ነው። «ቀይ ቀበሮ የቀበሮ ዝርያ ነው» ብለው አይጻፉ፤ ያን ጊዜ ስሙን ወደ ዝምድና ቀየሩት ማለት ነው። «ዝርያ» ራሱ ሁለት ፊት አለው፦ ገበሬው «የስንዴ ዝርያ» ሲል በአንዱ ስንዴ ውስጥ ያለውን ልዩነት ነው፤ ባለሙያው ግን ከሌላው ተለይቶ በራሱ የቆመውን ሙሉ እንስሳ ነው። ስለዚህ «ቀይ ቀበሮ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፤ የሚመደበውም ከተኩላና ከውሻ ጋር በአንድ ወገን ነው» ይበሉ። ለልጆች ይህ ይበቃል። ለከፍተኛ ክፍል ከሆነ መጀመሪያ ሲጠቀስ ሳይንሳዊ ስሙን ያስከትሉ፦ ካኒስ ሲሜንሲስ። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው፤ «ሲሜንሲስ» የስሜን ተራሮችን ያመለክታል። ሁለተኛውን ቃል ለብቻው አይጻፉት።

በእኔ ዓይን የከፋው ስህተት ሌላ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች የአውሮፓውንና የሰሜን አሜሪካውን ቀይ ፀጉር ቀበሮ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ የሆነውን፣ ቃል በቃል «ቀይ ቀበሮ» ይሉታል። አንባቢው የባሌው እንስሳ ለንደን ጎዳና ላይ ቆሻሻ ሲፈትሽ ይታየዋል! የእኛው የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ያኛውን «የፈረንጅ ቀበሮ» ቢሉት ይሻላል፤ «የፈረንጅ ጥድ» እንደምንለው።