የአንድ ወር ማስጠንቀቂያው ያንቺ እንጂ የልጅሽ አይደለም

ሰላም እህቴ። የሦስት ዓመት ልጅሽ ከመስከረም ጀምሮ በየጠዋቱ እያለቀሰች መዋዕለ ሕፃናት እንደምትገባ ጽፈሻል። ውሉ ደግሞ አንድ ወር አስቀድመሽ በጽሑፍ ካላሳወቅሽ የወሩን ክፍያ ትከፍያለሽ፣ ማስያዣውም አይመለስም ይላል። «ላስወጣት ወይስ ልታገስ?» ነው ጥያቄሽ። አብሽሪ። እኔም እዚሁ ደሴ ከሦስት ዓመት በፊት ያለፍኩበት ነው።

መጀመሪያ ስለ ለቅሶው። በር ላይ ማልቀስ ብቻውን ብዙም አያስደንግጥሽ። ብዙ ልጅ እናቱ ስትሄድ ያለቅሳል፣ ጀርባዋን ካዞረች በኋላ ግን ወዲያው ጨዋታ ይይዛል። እንዲህ ዓይነቱ ለቅሶ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይለቃል። የኔ ልጅ በር ላይ አላለቀሰም። ዝም ነበር የሚለው። ሌሊት ይባንናል። ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ ቆይቶ እንደገና ፍራሽ ማራስ ጀመረ። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ሳይነካ ይመለሳል። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ማታ ስመለስ ልጁን የማየው ለእንቅልፍ ሲደርስ ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ሳልነግራቸው እኩለ ቀን ላይ ሄድኩ። ሌሎቹ ልጆች ተኝተዋል። የኔው በሩ ሥር ቁጭ ብሏል፤ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ቦርሳውን እንዳዘለ። «ከመጣ ጀምሮ አያወርዳትም» አለችኝ ሞግዚቷ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ሃያ ምናምን ልጅ ለብቻዋ ይዛ ነው።

በዚያው ቀን አቅፌው ወጣሁ። ለሞግዚቷም «ከነገ ጀምሮ አይመጣም» አልኳት። ያሳወቅኩ መሰለኝ። ጥፋቴ እሱ ነው። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ስልክ ተደወለ፤ የሁለቱንም ወር ክፍያ አምጪ ተባልኩ። ተናድጄ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ውሉን አወጣችና የገዛ ፊርማዬን አሳየችኝ። «በጽሑፍ» ይላል። ደብዳቤ ስላላስገባሁ የማስጠንቀቂያው ወር ገና መቆጠር አልጀመረም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ልጅ ስላለቀሰ ፊርማ አይፋቅም። ያማል፣ ግን እንዲህ ነው።

አሁን ግን ይሄን ልብ በይልኝ። ማስጠንቀቂያው የሚይዘው ያንቺን ኪስ ነው። ልጅሽ ያቺን ወር እዚያ ተቀምጣ ትጨርስ አይልም። ደብዳቤውን አስገብተሽ፣ የወሩን ከፍለሽ፣ ልጅቷን በማግስቱ ቤት ልታስቀሪያት ትችያለሽ። «የተከፈለበት ነው፣ ትጨርሰው» የሚሉሽ ዘመዶች ይኖራሉ። እኔም ተብያለሁ። ገንዘቡ ብትሄድም ባትሄድም ወጥቷል። የልጅቷን ሠላሳ ቀን ከላዩ መጨመር ምን ይጠቅማል? ደግሞ ልጅቷ የምትጨነቀው በቀኑ ርዝመት ከሆነ፣ ያንኑ ወር ግማሽ ቀን እያዋልሽ መሞከርም ይቻላል።

ውሉን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ወሩ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከገባበት ቀን ነው ወይስ ከሚቀጥለው ወር መባቻ? በ5 ማስገባትና በ25 ማስገባት የአንድ ወር ክፍያ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። እነሱ የገቡትን ቃልም ፈልጊ፦ የሞግዚት ብዛት፣ ትኩስ ምግብ፣ የመኝታ ክፍል። ያልፈጸሙት ነገር ካለ ቀኑን እየጠቀስሽ በጽሑፍ አቤት በይ። ያኔ ውሉን ያጎደለው ማነው የሚለው ክርክር ይለወጣል። በቃል መጯጯህ ግን የትም አያደርስም፤ ሞክሬዋለሁ።

የኔ ነገር ያለቀው በሽምግልና ነው። ታላቅ አጎቴን ይዤ ሄድኩ። እሱ ስለ ውሉ ምንም አልተከራከረም። «የልጁ ቦታ አሁን ባዶ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ለካ በሁለት ሳምንቱ ሌላ ልጅ ገብቶበታል። በሕጋችንም ቢሆን ተጎዳሁ የሚል ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት፣ ቦታው ከተሞላ ደግሞ ጉዳቱ ያንን ያህል ቀንሷል። ዳይሬክተሯም ሰው ናት፣ ተረዳችው። የአንድ ወር ከፈልኩ፣ ሁለተኛው ቀረልኝ፣ ማስያዣው እዚያው ቀረ። በሰላም ተለያየን።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የልጅቷ ስም፣ ያስገባሽበት ቀን፣ የመጨረሻዋ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ፊርማ። ምክንያት መዘርዘር ግዴታሽ አይደለም። በሁለት ቅጂ አዘጋጂና አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀንና ማህተም እንዲያደርጉበት ጠይቂ። ያቺን ወረቀት አትጣያት። በቴሌግራም በላክሽው ብቻ አትተማመኚ፤ ውሉ ራሱ ይበቃል ካላለ በቀር። አስገብተሽ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ቦታውን መልሶ መስጠት የእነሱ ፈቃድ ነው፣ ያንን አስበሽ አስገቢ። ማስያዣውንም ከመጨረሻው ወር ክፍያ ላይ እንዲያቻችሉልሽ ጠይቂ። አይመለስም ቢልም መጠየቅ ነውር የለውም፣ ለጎረቤቴ አቻችለውላታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነገ ፈቃድ ውሰጂና፣ ሳትነግሪያቸው እኩለ ቀን ላይ ሄደሽ እያት።