«ሲሶ ይገብራል» ወይስ «በእህል ኪራይ ይከፍላል»?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ኮሌጆችን የቀድሞ የመሬት ውሎች ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ተከራዩ ከኪራዩ ሦስተኛውን እጅ በስንዴና በብቅል እንዲከፍል የሚያዘውን አንቀጽ «ጭሰኛው ሲሶ ይገብራል» ብዬ ጻፍኩት። ባልደረባዬ አልተቀበሉኝም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። «ሲሶ» በእኛ የመሬት ቋንቋ የምርቱ ሦስተኛ እጅ ነው፤ አዝመራው ሲያምር ይበዛል፣ አንበጣ ወይም ድርቅ ሲመታው ያንሳል። የእንግሊዙ ውል ግን ምርቱን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ1576 የወጣው ሕግ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች፣ እንዲሁም የኢተንና የዊንቸስተር ትምህርት ቤቶች፣ ከቀድሞው ኪራይ ሦስተኛውን እጅ በእህል እንዲያስሉት አዘዘ፤ ለስሌቱም የአንድ ኳርተር (የእህል መስፈሪያ ነው) ስንዴ ዋጋ ከ6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ፣ የብቅል ደግሞ ከ5 ሽልንግ እንዳይበልጥ ወሰነ። ፓውንዱ 20 ሽልንግ፣ ሽልንጉ 12 ፔንስ ነበርና፣ ኪራዩ 6 ፓውንድ ቢሆን ሦስተኛው እጅ 40 ሽልንግ ነው፤ ሁሉም በስንዴ ሲታሰብ 6 ኳርተር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማሳው ሰጠም ነፈገ፣ ዕዳው ያው 6 ኳርተር ወይም የዚያው የገበያ ዋጋ ነው። የእህል ዋጋ በመናሩ፣ የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 የሕግ ሊቁን ብላክስቶንን ጠቅሶ እንደጻፈው፣ ከእህሉ የሚገኘው ገንዘብ ከቀሪው ሁለት እጅ ኪራይ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ይህን «ሲሶ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን ወደ አውድማ ይወስደዋል፤ ክርክሩ ግን የገበያ ዋጋ ክርክር ነው።

«ይገብራል» እና «ጭሰኛ» የሚሉትንም ቢተዉ እመርጣለሁ። ገባር የሚገብረው ለገዥው ነው፤ ይህ ግን በውል የተገባ ዕዳ ነው። ከኮሌጅ ተከራይቶ ለሌላ የሚያከራይ ባለጸጋም ስለነበረ «ተከራይ» ይበቃል።

«ኳርተር» ደግሞ በቃሉ መልክ ብቻ «ሩብ» ተብሎ እንዳይተረጎም እለምንዎታለሁ። 8 ቡሼል፣ ወደ 280 ሊትር ገደማ የሚይዝ መስፈሪያ ነውና፤ «ሩብ ስንዴ» ቢሉት ዕዳው በአንድ ቃል ይጠፋል። «ዳውላ» ማለትም አይረዳም፤ የእኛ ዳውላ ከአገር አገር እንደሚለያይ ሁሉ ቡሼሉም በየአካባቢው ይለያይ ስለነበር፣ በየትኛው ቡሼል ይሰፈር የሚለው ራሱ የጠብ ምንጭ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ወይም» ነው። «ስንዴውን ወይም ዋጋውን ይከፍላል» ሲባል መራጩ ማን ነው? በስኮትላንድ ምርጫው የባለመሬቱ እንደነበረ ስሚዝ ይነግረናል፤ ስለዚህም ተከራዩ እንዳይጎዳ በእህሉ ፈንታ የሚከፈለው የተወሰነ ዋጋ ከገበያው አማካይ ዝቅ እንዲል ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ውሉ መራጩን ከጠቀሰ «ባለመሬቱ እንደ መረጠ» ወይም «ተከራዩ እንደ ፈቀደ» የሚለውን ከ«ወይም» አጠገብ ያኑሩት፤ ካልጠቀሰ ግን፣ ምንም እንኳ አማርኛው የጎደለ ቢመስል፣ «ተከራዩ ከቀድሞው ኪራይ ሦስተኛውን እጅ በስንዴና በብቅል፣ ወይም በገበያው ዋጋ በገንዘብ ይከፍላል» ብለው እንዳለ ይተዉት።