ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በመጋቢት ሙቀት ጋቢ ለብሼ «ምንም የለብሽም» ተባልሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ሲሆን አሁን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ባሕር ዳር እኖራለሁ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር ወዲህ ሰውነቴ ዝሏል። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ እህል ስፈጭ ያደርሁ ይመስለኛል። ጸጉሬ ይረግፋል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ምግብ ሳልጨምር እወፍራለሁ። አራት ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። ሁለት ጊዜ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተብያለሁ፤ የጨጓራውን ኦሜፕራዞል እስካሁን እውጣለሁ። በመጨረሻ ያዩኝ ሐኪም «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። ባለቤቴም «ደግሞ ልትሄጂ ነው?» ማለት ጀምሯል። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲያማርር እኔ በመጋቢት ጋቢ ለብሼ ሱቅ እቀመጣለሁ። የወር አበባዬም በዝቷል፤ ይህንን ግን አፍሬ ለሐኪም አልተናገርሁም። አብጄ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበዱም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የሳቡት ማለቂያው ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጋቢውና የወር አበባው።

«ምንም የለብሽም» ሲባሉ የተባለው ምን እንደሆነ በመጀመሪያ እንለይ። ሐኪሙ ማለት የሚችሉት «በመረመርሁት ነገር ውስጥ ያገኘሁት የለም» ብቻ ነው። የተመረመረው ለታይፎይድና ለጨጓራ ከሆነ ውጤቱ የሚናገረው ስለ ታይፎይድና ስለ ጨጓራ ነው። ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም።

አሁን ወደ ጋቢው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር በዓመቱ ከሁሉ ይልቅ የምትሞቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ሙቀት የሚበርዳት፣ ሆዷ የሚደርቅ፣ ጸጉሯ የሚረግፍ፣ ምግብ ሳትጨምር የምትወፍርና የወር አበባዋ የበዛባት ሴት ስትመጣ ማንኛውም ሐኪም አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕጢ የሚያስታውሰው ሲያብጥና እንቅርት ሲሆን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምንም ሳያብጥ ሥራው ሊዳከም ይችላል። ከዕጢው የሚመነጨው ሆርሞን ሰውነት ምን ያህል ሙቀትና ኃይል እንደሚያወጣ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ልብም፣ አንጀትም፣ ቆዳም፣ ሐሳብም ይዘገያሉ። ድምፅ ሊጎረንን፣ ጠዋት ጠዋት የዓይን ዙሪያ ሊያብጥ ይችላል። እነዚህም ካሉብዎ ይጻፏቸው። በደብዳቤ «በሽታዎ ይህ ነው» አልልም፤ ነገር ግን ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ሳይሠራልዎ «ጭንቀት ነው» የሚለውን ፍርድ አይቀበሉ። ቲኤስኤች አንጎል ዕጢውን «ሥራ» ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን ስለሆነ ዕጢው ሲዳከም ከፍ ይላል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀጥሎ ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ቲ4 ይታያል፤ ሁለቱ ተያይተው ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል።

የወር አበባውን ነገር መናገር አሳፈረኝ ብለዋል። ይገባኛል፤ የእናቶቻችን ልጆች ነን። ነገር ግን ለሐኪም ያልተነገረ ደም እንዳልፈሰሰ ይቆጠራል። የታይሮይድ መዳከም የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል፤ በየወሩ በብዛት የሚፈሰው ደም ደግሞ ብረትን ይወስዳል፤ የብረት እጥረት ለብቻው ሰውነትን ያዝላል፣ ጸጉርንም ያረግፋል። አንዱ ሌላውን ሊጎትት ስለሚችል ሁለቱም መታየት አለባቸው። ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደሚቀይሩ፣ የረጋ ደም እንዳለው በቁጥር ይንገሩ። «በዝቷል» ከማለት «ስምንት ቀን ይቆያል» ማለት ሐኪሙን ያነቃዋል።

ደምዎ ታይቶ «ሄሞግሎቢንሽ ደኅና ነው» ተብለው ከሆነ ቁጥሩን ራስዎ ይመልከቱት፤ ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መነሻው በዴሲሊትር 12 ግራም ነው፤ ይህ ግን የተሠራው በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖር ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች መለኪያው ግማሽ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማለት ይገባዋል። እዚህ ከተማ 12.1 ያላት ሴት ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ብትመስልም ደም ሊያንሳት ይችላል። በተጨማሪም በሰውነት የተቀመጠው ብረት የሚያልቀው ሄሞግሎቢን ከመውረዱ በፊት ስለሆነ ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ። «ጤፍ እየበላሁ ደም ማነስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጤፍ ብረት አለው፤ ከፊሉ ግን አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለና ሰውነት በቀላሉ የማይጠቀምበት ነው። የሚውጡት ኦሜፕራዞልም የሆድን አሲድ ስለሚቀንስ የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። እስካሁን መቀጠሉ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ዘጌ ማደግዎን ለሐኪም ነግረው ያውቃሉ? በጣና ዳር በልጅነቱ ያልዋኘ፣ ልብስ ያላጠበ፣ ውኃ ያልቀዳ ማን አለ? ቢልሃርዚያ፣ ውኃ ውስጥ ሳሉ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው ሕመም፣ በዚህ ዳርቻ ለረጅም ጊዜ የኖረ በሽታ ነው። ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ከተማ መግባት ብቻውን አያድንም። ጥቂት እንቁላል የሚጥል ትል በአንድ ቀን የሰገራ ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ቢታይ ይሻላል። ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል፤ መጠኑም በክብደት ይሰላል። ብርዱንና መወፈሩን ይህ አያመጣውም፤ ድካሙንና የደም ማነሱን ግን ሊያባብስ ይችላል።

ስለ ታይፎይዱ አጭር ቃል። በብዙ ክሊኒኮቻችን የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ባክቴሪያውን አይቶ አይመልስም፤ ሰውነት የሠራውን የመከላከያ ምልክት ነው የሚያየው። ያ ምልክት ካለፈ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ሳይኖርዎ በአንድ ዊዳል ብቻ አምስተኛ ጊዜ መድኃኒት እንዳይወስዱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

ሌሎች ሐኪሞችን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት በድካም ምክንያት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ መጥታ ሦስቴም «ዕረፍት አድርጊ» ብዬ ሸኝቻት ነበር። በአራተኛው ጊዜ ከእህቷ ጋር መጣች፤ እህቷ ነች «ዶክተር፣ ድምፅዋን ስሙት፤ ይህ የእሷ ድምፅ አይደለም» ያለችኝ። ታይሮይዷ ነበር። ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፤ ይህ ግን ለእሷ ምክንያት አይሆናትም። ጭንቀትም እውነተኛ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን ተመርምሮ የሚደረስበት እንጂ ሌላ መልስ ሲጠፋ የሚለጠፍ ስም አይደለም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞሩን ያቁሙ። በየሄዱበት አዲስ ካርድ ሲወጣልዎ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ታሪክዎ የአንድ ቀን ታሪክ ይሆናል፤ አራት ጊዜ ታይፎይድ የተባሉትም ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ከደብተር አንድ ወረቀት ገንጥለው መቼ እንደጀመረዎ፣ ምን ቀድሞ ምን እንደተከተለ፣ የትኞቹን መድኃኒቶች ለስንት ቀን እንደወሰዱና ምን እንደለወጡ ይጻፉ። ጸበል ከሄዱ፣ የባህል መድኃኒት ከጠጡ እሱንም ያስገቡ፤ ማንም ሊቆጣዎ አይገባም። የቀድሞ ውጤቶችዎን ቅጂ ከክሊኒኮቹ ይጠይቁ፣ ካልሰጡዎት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የራስዎ ሰውነት መረጃ ነው።

በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አሏቸው። ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። በሽታዎን ከሐኪም አፍ አብሮዎ ቢሰማ «ደግሞ?» ማለቱን ይተዋል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሦስት ነገር በትሕትና ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይህን ምን ያመጣዋል ብለው ይጠረጥራሉ? ያልተመረመረ ምን ቀርቷል? በምን ያህል ጊዜ ካልተሻለኝ ልመለስ?» ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ጥሩ ሐኪም እንዲያውም ደስ ይለዋል። መልስ ከመስጠት የሚቆጣ ካጋጠመዎ ወረቀትዎን ይዘው ወደ ሌላ ይሂዱ፤ ታሪክዎ አሁን ከእርስዎ ጋር ስለሆነ ከዜሮ አይጀምሩም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮችም አሉ። ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ካመመዎ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ እስከመቀየር ከደረሱ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። የወር አበባዎ ሳይመጣ ከቀረ ከሁሉ በፊት እርግዝና ይታይ፤ ታይሮይዱ ከተዳከመ ለጽንሱም ያሰጋዋል።

ታይሮይድ ሆኖ ከተገኘ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ይታዘዝልዎታል። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይወሰዳል፤ የጠዋት ቡናዎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ብረት ከታዘዘልዎም በአራት ሰዓት ያራርቋቸው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ተደግሞ ይታያል፤ ከዚያ በፊት «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት።

ውጤቱን ሲያገኙ ቁጥሮቹን ከነመለኪያቸው ይላኩልኝ። ለቀጠሮው ሲሄዱም ጋቢውን አውልቀው አይግቡ፤ ሐኪሙ ይየው።