ያልገባ ወንበር ላይ አትፈርሚ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ከገባሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል። ሰኔ ነው፤ በጀት ሊዘጋ ነው። 40 ወንበር ተገዝቶ መጋዘን የገባው 28 ብቻ ነው። ኃላፊሽ ግን «ለ40ውም ሞዴል 19 ቁረጪ፣ ቀሪው በኋላ ይገባል፣ አለዚያ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል» ብሎሻል። ሞዴል 19 ማለት ንብረቱ መጋዘን ገብቷል ብለሽ የምትፈርሚበት ደረሰኝ ነው። እምቢ ብትይ እንጀራሽ ያሰጋሻል፤ እናትሽ የሚኖሩት በአንቺ ደመወዝ ነው። እሺ ብትይ ደግሞ እሑድ ቆመሽ እንዴት ትዘምሪያለሽ? «ልፈርም ወይስ ሥራውን ትቼ ልውጣ?» ነው ጥያቄሽ።

አትፈርሚ። ሥራሽንም አትልቀቂ።

ቀራጮች፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢዎች፣ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለውት ነበር። በዚያ ዘመን ቀራጭ ማለት በሕዝብ ዘንድ ሌባ ማለት ነው። ዮሐንስ ግን ሥራችሁን ጥላችሁ በረሃ ኑ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹንም በደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው። በዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነው የጠየቃቸው። ላንቺም የምለው ይህንኑ ነው።

«አንድ ፊርማ ምን አላት?» ይሉሻል። እኔ ወጣት ሳለሁ ለሦስት ቀን ሥልጠና የአምስት ቀን አበል ፈርሜ ወስጃለሁ። ሁሉም ፈርሟል፣ ብሩም ትንሽ ነበር። ከወራት በኋላ ያው አለቃ ከበድ ያለ ወረቀት ይዞ መጣ። ሳመነታ «ያኔ ፈርመህ የለ እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ትንሿ ፊርማ ለካ ማሰሪያ ገመድ ነበረች።

ደግሞም በቃል ያዘዘሽ ሰው ወረቀቱ ላይ ስሙ የለም። ኦዲተር የሚያየው ሞዴሉን ነው። 12ቱ ወንበር ሳይገባ ቢቀር የምትጠየቂው፣ ከንብረት ዕዳ ነጻ ነሽ የሚለውን ክሊራንስም የምትከለከዪው አንቺ ነሽ።

ኃላፊሽን ግን «ሌባ» አትበዪው። ምናልባት በጀቱ እንዳይመለስ የጨነቀው ሰው ይሆናል። እንዲህ በዪው፦ «ጋሼ፣ ለገባው 28 አሁኑኑ እቆርጣለሁ። 12ቱ በመጣ ቀን፣ አምሽቼም ቢሆን ጠብቄ እረከባለሁ።» ይህንኑ በአጭር ማስታወሻ ጻፊና በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ። ቅጂሽ ላይ ቁጥርና ቀን ይደረግበት። ጫናው ከቀጠለ ወደ ሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ሂጂ። ለወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። አዋጅ ስላለ ማንም አይነካሽም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሊያገሉሽ፣ ሊያዘዋውሩሽ ይችላሉ። ስለዚህ ከአሁኑ የሦስት ወር ወጪ ለማጠራቀም ሞክሪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ሰላም ሳለ ጠይቂ። ማስታወቂያም እያየሽ አመልክቺ፤ ተዘጋጅቶ መውጣት ሽንፈት አይደለም።

ባልደረቦችሽ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ፋራ ነሽ ማለታቸው አሳዝኖኛል። ይህ ተረት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ገብቶ ተቀምጧል። ኃላፊሽ አሥራት የሚያወጣ ሰው መሆኑ ግራ እንዳጋባሽ ጽፈሻል። ግራ ቢያጋባሽ አይገርመኝም። ቀራጩ ዘኬዎስ ግን ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሲሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። መስጠቱ መመለሱን አላስቀረለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዳንኤል ጠላቶች ሥራውን አገላብጠው ፈትሸው እንከን አጡበት። ከነገ ጀምሮ አንቺም ትፈተሻለሽ። የንብረት ገቢና ወጪ የምትመዘግቢበት ቢን ካርድሽ በየቀኑ ይሞላ። ሰዓትሽን አክብሪ። ሰነድ ወደ ቤት አትውሰጂ። ባልደረቦችሽንም ከላይ ወደ ታች አትያቸው፤ ብዙዎቹ እንዳንቺው ፈርተው የፈረሙ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ በፊት መጋዘን ግቢ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቁጠሪ። ከዚያ ሞዴሉን አውጪና በአኃዝም በፊደልም ሃያ ስምንት ብለሽ ጻፊ።