«ምን ታደርጋለህ?»፦ ስለ ዲ ኤንድ ዲ ለጠየቃችሁን ሁሉ

እሁድ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ ይባላል። ያየ ሁሉ ይጠይቃል፤ ጎረቤት፣ የታክሲ ወረፋ ላይ የተዋወቅነው ሰው፣ የልጆች እናት። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ)፦ ጠረጴዛ ከባችሁ ታወራላችሁ፣ አንዳንዴ ዳይስ ትወረውራላችሁ። ጨዋታው የቱ ጋ ነው? ማነው የሚያሸንፈው?

ጨዋታው ወሬው ራሱ ነው። አንድ ሰው ጌም ማስተር ይሆናል። መንደሩን፣ ገደሉን፣ ሽፍታውን፣ ዘንዶውን እሱ ይዞ ይመጣል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ካራክተር፣ ማለትም ታሪኩ ውስጥ የምንሆነውን ሰው፣ እንይዛለን። ጌም ማስተሩ የሚታየውን ይነግረንና «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። መልሱ ክፍት ነው። የፈለጋችሁትን መሞከር ትችላላችሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ገደል ላይ የገመድ ድልድይ አለ። ማዶ ቀስት የያዘ ዘበኛ ቆሟል። አንዷ ተጫዋች «ነጋዴ መስዬ ሰላም እለዋለሁ፣ ጨው ጭነን እንደመጣን እነግረዋለሁ» ትላለች። ሊያምናት ይችላል፣ ላያምናትም ይችላል። ዳይስ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ጌም ማስተሩ «15 ያስፈልግሻል» ይላል። ካራክተሯ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነች በወጣላት ቁጥር ላይ 5 ይጨመርላታል። ስለዚህ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣላት ዘበኛው አመናት ማለት ነው። ከ20ው ቁጥር 11ዱ ይጠቅማታል፤ 55 በመቶ።

አሁን ደግሞ ከአህያዋ ጭነት ላይ አንድ አሞሌ አውጥታ ብታሳየውስ? ያኔ ሁለት ጊዜ ትወረውርና ትልቁን ቁጥር ትይዛለች። ዕድሏ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። እኔ ይሄን ጨዋታ የምወደው በዚህ ነው። አስቦ የተናገረ ሰው ይጠቀማል።

አሸናፊ የሚባል ነገር የለም። ካራክተር ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ይፈጠራል። ታሪኩ ግን ከእሁድ እሁድ ይቀጥላል።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ማነው የፈጠረው? ከኮምፒውተር ጌም ነው እንዴ የመጣው?

ተቃራኒው ነው። የኮምፒውተሮቹ ናቸው ከዚህ የተቀዱት። «ሌቭል» ማደግ፣ የሕይወት ነጥብ፣ ጠንቋይና ተዋጊ በአንድ ቡድን፣ ይሄ ሁሉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነበር።

ሥሩ ወታደራዊ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፕሩሲያ መኮንኖች ካርታ ዘርግተው የጦርነት ልምምድ ያደርጉ ነበር። ክሪግሽፒል ይሉታል። ዳይስ ነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኛ ነበረው። የዛሬው ጌም ማስተር የዚያ ዳኛ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ አሜሪካ እንግባ። በ1971 ጋሪ ጋይጋክስ እና ጄፍ ፔረን «ቼይንሜይል» የሚባል የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጨዋታ አሳተሙ። ዋናው ነገሩ ሠራዊት ማዝመት ነው። መጨረሻው ላይ ግን ጠንቋይና ዘንዶ የሚገቡበት ክፍል ጨመሩበት። በሌላ በኩል ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ሰው ለየት ያለ ነገር ሞከረ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት መስጠቱን ትቶ አንዳንድ ሰው ሰጠ፤ የራሱ ጉዳይ፣ የራሱ ዓላማ ያለው ሰው። ከእሱ ጋር ይጫወት የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወሰደና ብላክሙር የሚባል ዓለም ፈጠረ። ግንቡ ሥር ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ ጭራቅ አለ። ከዋሻው በሕይወት የወጣ ካራክተር በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ በርትቶ ይመለሳል።

አርነሰን ይሄን ለጋይጋክስ አሳየው። አብረው ሠሩትና በ1974 ቲ ኤስ አር በሚባለው ትንሽ ድርጅት በኩል ወጣ። አንድ ሳጥን፣ ውስጡ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት። የመጀመሪያው ኅትመት 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። አጻጻፉ ግልጽ አልነበረም፤ አንባቢው የጎደለውን ራሱ እየሞላ ነበር የሚጫወተው። እኔ ይሄ የጠቀመው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ስለተጫወተው ብዙም ሳይቆይ ሌሎች የራሳቸውን ጻፉ። በ1975 «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ»፣ በ1977 ጠፈር ላይ የሚሆነው «ትራቬለር»፣ በ1978 «ሩንክዌስት» መጡ። በ1981 ደግሞ «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ወጣ። እዚያ ውስጥ ጭራቁን መግጠም አያዋጣም፤ ጎበዝ ማለት ምስጢሩን ደርሶበት ሳያብድ የሚመለሰው ነው።

ስለ አርነሰን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጋይጋክስን ነው። አርነሰን ድርሻውን ለማግኘት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት፤ ጉዳዩ ያለቀው በ1981 ነው። እኔ ጨዋታውን ለአዲስ ሰው ሳስተምር ሁለቱንም ስም አብሬ ነው የምጠራው። አንድ ሰው አንድ ካራክተር ይዞ ዋሻ የሚወርድበት መንገድ የመጣው ከአርነሰን ነውና።

ቲ ኤስ አር ኋላ ላይ ከሰረና በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገዛው፤ እሱን ደግሞ በ1999 ሃዝብሮ ገዛው። እኛ የምንጫወተው በ2014 የወጣውን አምስተኛውን እትም ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ዳይስ ካለ ቁማር አይደለም?

አይደለም። ብር አይያዝም፣ አይበላም። ሉዶም ዳይስ አለው።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ፣ የአንድ ልጅ እናት)፦ ልጄ እናንተ ጋ ይመጣል። ጠንቋይ፣ ዘንዶ፣ አጋንንት ሲል እሰማዋለሁ። የሰይጣን ነገር ነው የሚሉም አሉ። እውነቱን ንገረኝ።

እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ። ይሄ ጥያቄ አሜሪካም ውስጥ ተነስቶ አገሩን አምሶት ነበር። በ1979 ሚሺጋን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠፋ። ገና 16 ዓመቱ ነበር። ፈላጊው መርማሪ ጨዋታው ነው ያሳበደው የሚል ግምት ሰጠ፣ ጋዜጦችም አራገቡት። ልጁ በኋላ ተገኘ። የጠፋው በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ምክንያት ነበር እንጂ ከጨዋታው ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። በ1983 ደግሞ ልጇን በሞት ያጣች እናት ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። የእሷ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ጥፋቱን ጨዋታው ላይ መጣሉ ነው ስህተቱ። ግፊቱ በርትቶ በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም አሳታሚው አጋንንት የሚሉትን ስሞች እስከ መቀየር ደርሶ ነበር።

እኛ ጠረጴዛ ላይ «ድግምት» ማለት ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። «የእሳት ኳስ እወረውራለሁ» ያለ ልጅ ዳይስ ይቆጥራል፣ ይደምራል፣ በቃ። የሚጸለይለት፣ የሚጠራ ነገር የለም። ያም ሆኖ ቤተሰብ የማይወደውን ነገር እናወጣለን፤ ጌም ማስተሩ አጋንንቱን አውጥቶ ሽፍታ ማስገባት ይችላል። አንድ እሁድ ይምጡና አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩት። ቡና አለ።

ጥያቄ (ከዓለም ባንክ)፦ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሱቅ ውስጥ አጣሁ። ምን ላድርግ?

አንድ ሳንቲምና አንድ እሽግ የመጫወቻ ካርታ በቂ ነው። ከካርታው ከአንድ እስከ 10 ያሉትን የአንድ ዓይነት 10 ካርታዎች ለይ። በውዝና አንድ ሳብ። ከዚያ ሳንቲም ወርውር። ዘውድ ከሆነ ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ጎፈር ከሆነ 10 ደምርበት። ከ1 እስከ 20 እኩል ዕድል አለህ። ካርታውን መልሰህ መበወዝ እንዳትረሳ፤ ካልመለስከው ዕድሉ ይዛባል። የስልክ አፕም አለ፣ ግን እኔ አልወደውም። ሰው ስልኩን ከነካ ቲክቶክ ገብቶ ይቀራል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ መጽሐፉ በዶላር ነው፣ ውድ ነው። ያለ መጽሐፍ ይቻላል?

ይቻላል። በ2023 መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ኩባንያ፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ ሌሎች በጨዋታው ሕግ የሚጠቀሙበትን ፈቃድ ሊያጠብቅ ሲል ተጫዋቾች ተቆጡ። በዚያው ጥር ወር የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፈቃድ ለቀቀው። ወደ 400 ገጽ ነው፣ በነጻ ይወርዳል። ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ ማባዛት ትችላለህ፣ ወደ አማርኛም መመለስ ትችላለህ። ማንንም ማስፈቀድ የለብህም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናው ታናሽ ወንድምህ በአማርኛ አንብቦ ጌም ማስተር መሆን ይችላል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ቀን ደግሞ 400ውም ገጽ አያስፈልግህም። ስድስቱን ችሎታዎች እወቅ፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ አስተዋይነት፣ ግርማ ሞገስ። ከላይ ያሳየሁትን የዘበኛውን ስሌት ጨምርበት። ሌላው እየተጫወታችሁ ይመጣል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ሁሌ የፈረንጅ ግንብና የፈረንጅ ዘንዶ መሆን አለበት?

የለበትም! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዘንዶ ከፈለጋችሁ አርዌ አለ። በአፈ ታሪካችን ከንግሥተ ሳባ በፊት አገር ይገዛ የነበረ፣ ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት የነበረ ዘንዶ። አንጋቦ የሚባል ሰው ነው የገደለው። እንዴት? ጦር አልተማዘዘም። ፍየል በመርዝ አዘጋጀና አበላው።

እስቲ ይሄን እንደ ጨዋታ እዩት። ተጫዋቾቻችሁ መርዙን ከየት ያገኙታል? ቅጠሉን የሚያውቀው መድኃኒተኛ የሚኖረው ሦስት ቀን መንገድ ርቆ ነው። ፍየሉን ማን ይሰጣል? በግብሩ መሐል ድርሻውን የሚቆርጥ፣ አርዌ እንዲሞት የማይፈልግ ሹም ቢኖርስ? አንድ እሁድ አይበቃችሁም። ተጫዋቾቹ ፍየሉን ላያስቡት ይችላሉ፤ ሌላ መላ ይመጣላቸዋል። ያን ጊዜ ጌም ማስተሩ «ታሪኩ እንዲህ አይደለም» ብሎ መከልከል የለበትም። መላው ካስኬደ ያስኪድ።

አንድ ነገር ግን እጠነቀቃለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በስሙ ጨዋታ ውስጥ አላስገባም። ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻና መተላለፊያ ካሰኘኝ የራሴን ቦታ ፈጥሬ ስም አወጣለታለሁ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ቡድናችን ውስጥ አንድ ልጅ ሁሉን ነገር እሱ ይመልሳል። ሌላው ዝም ብሎ ያያል። ምን ይሻላል?

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ጌም ማስተሩ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ለሁሉም ሲጥለው ፈጣኑ ይወስደዋል። ስም ጠርተህ ጠይቅ። «አንቺ በሩ ጋ ነሽ፣ ኮቴ ትሰሚያለሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» በል። ዝም ካለች ጠብቃት። ሌላው ሊመልስላት ሲል «ቆይ፣ እሷን ነው የጠየቅኩት» በለው። ያን ፈጣን ልጅ ደግሞ ለብቻው ጥራውና ሌሎቹን እንዲያሳትፍ ለምነው። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጌም ማስተር ይወጣዋል። የሚቀጥለውን ታሪክ እሱ ያዘጋጀው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ስንት ሰው ያስፈልጋል? እኔ ጋ ደግሞ ማታ ታክሲ የለም።

ጌም ማስተሩን ጨምሮ አራት ወይም አምስት ሰው ጥሩ ነው። ከስድስት ከበለጠ ተራ አይደርስም። ታክሲውን በተመለከተ፣ ስምንት ሰዓት ጀምራችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨርሱ። ታሪኩ ቢንጠለጠልም ግድ የለም፣ ለሳምንቱ መነሻ ይሆናል። መገናኘት ካልቻላችሁ ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት ይቻላል። ጌም ማስተሩ ማታ ይልካል፣ እናንተ ሲመቻችሁ ትመልሳላችሁ። ቀስ ይላል፣ ግን ይሄዳል። ቡራዩ አካባቢ ሁለት የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፤ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ላገናኛችሁ እችላለሁ።