ሃል ሴንሰሩ ጥርሱን ለምን አላየውም?

«ኮምቦልቻ ውስጥ አውቶሞቲቭ እማራለሁ። ከአሮጌ ቤንዚን ሞተር ላይ ኮንታክት ፖይንቱን (የእሳቱን ሰዓት በመክፈትና በመዝጋት የሚወስነውን) አንስቼ ካንዴላው በራሴ ሰርኪዩት እሳት እንዲሰጥ እየሞከርኩ ነው። ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የት እንደደረሰ የሚያሳውቅ ኦሪጅናል የክራንክ ሴንሰር ስላጣሁ ደሴ ወጥቼ ርካሽ ሃል ሴንሰር ገዛሁ፤ ባለ ጥርሱ ዲስክ ፊት ሳቆመው ግን ዝም። ጓደኞቼ ‹በዚህ ማን ይቀጥርሃል?› እያሉ ይስቁብኛል» ብለሃል።

አብሽር፣ ሴንሰርህ አልተበላሸም። ባለ ሦስት እግሩ ትንሹ ሃል የሚያየው ማግኔት እንጂ ብረት አይደለም። ወይ ፑሊው ላይ ማግኔት ትተክላለህ (ካልሠራ ገልብጠው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው አንዱን ፊት ብቻ ነው)፣ ወይ ማግኔቱ ውስጡ ያለበትን ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰር ከተፈታ መኪና ትፈልጋለህ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሙጫ ያጣበቅኩት ማግኔት ሞተሩ ሲፈጥን ተፈንጥሮ ግድግዳ መትቶብኛል።

የባጃጅ ፐልሰር ኮይልም (ብረት ሲያልፍበት ራሱ ቮልቴጅ የሚያመነጭ የሽቦ ጥቅል) ያስኬዳል፤ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ ኃይልም አይጠይቅም። ችግሩ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁም ስለሚወርድ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ቀስ ብሎ ሲያዞር ሲግናሉ ይደክማል፤ ሞገዱን የሚያስተካክል ተጨማሪ ሰርኪዩትም ይፈልጋል። ለጀማሪ ሃል ይቀላል። ከ36 ጥርስ አንዱ የጎደለበት ዲስክ ካገኘህ ከጥርስ እስከ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው፤ ጎዶሎው ቦታ ክራንኩ የት እንደደረሰ ይነግርሃል። ሴንሰሩን ብሎኩ ላይ እሰር። ቦዲ ላይ ካሰርከው ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ክፍተቱ ይለዋወጣል።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ የሠራኸውን ኢግኒሽን የሚገዛህ ደንበኛ አትጠብቅ። ባለ መኪና የሚፈልገው ጠዋት የሚነሳ መኪና ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ያለኸው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ዘንግ ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር የዚሁ ዘመድ ነው። ለጥገና ክፍል ስትፈተን «ማሽኑ መቁጠር አቆመ፣ ከየት ትጀምራለህ?» ቢሉህ፣ ካንተ ጋር የሚቀመጡት አብዛኞቹ «ሴንሰር እቀይራለሁ» ይላሉ። አንተ ኃይል መድረሱን፣ ሲግናሉን፣ ክፍተቱን በየተራ መለካት አሁኑኑ እየተማርክ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዝ፦ ጥርስ ፊቱ ሲሆን ስንት ቮልት፣ ሲያልፍ ስንት፣ ክፍተቱ ስንት ሚሊ ሜትር። ያልሠራውንም ጻፍ። ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናም ሆነ ለቅጥር ስትሄድ ደብተሩን ይዘህ ግባ፤ ዲስኩ ይቅር፣ ይከብዳል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ብዙው ሃል ሲግናሉን ወደ ኔጌቲቭ ይስባል እንጂ ራሱ ቮልቴጅ አያወጣም። ከሲግናሉ ሽቦ ወደ 5 ቮልቱ የኃይል መስመር ሬዚስተር ካላገናኘህ፣ ማግኔት ብታሳየውም ዝም ይልሃል። 1 ኪሎ ኦም ይበቃል።