ያለ ጊዜው የተወለደው ልጄ ቴሌቪዥን ካልተጠጋ አያይም፤ ዓይኑ ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ የተወለደው በ29 ሳምንቱ ነው፤ 1,200 ግራም ነበር። ስድስት ሳምንት ማሞቂያ ክፍል ተኝቶ ኦክስጅን ተሰጥቶታል። ያኔ ዓይኑን አይተው «ትንሽ ነገር ነበረው፣ በራሱ ጠፍቷል» አሉኝ። አሁን 3 ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥን ካልተጠጋ አያይም። ሲደክመው አንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይዞርበታል። ኦክስጅኑ ጎድቶት ይሆን? ወይስ የኔ ጥፋት ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ኦክስጅኑም ያኔ ለልጅዎ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ወደ ዓይኑ ልምጣ። ሬቲና የምንለው የዓይንን ጀርባ ከውስጥ የሚሸፍን፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ጽንሱ 16 ሳምንት ገደማ ሲሆነው የደም ሥሮች ከመሐሉ ተነስተው ወደ ዳር መዘርጋት ይጀምራሉ። በአፍንጫ በኩል ዳር የሚደርሱት በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በጆሮ በኩል ግን እስከ መውለጃው ቀን ይቆያሉ። ልጅዎ ሲወለድ ሥሮቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ከማህፀን ውጭ ኦክስጅን ይበዛል፤ ስለዚህ እድገታቸው ይገታል። ከሳምንታት በኋላ ደም ያልደረሰው ዳር ይራብና አዲስ ሥር የሚጠራ ኬሚካል ያመነጫል። በአብዛኞቹ ሕፃናት ሥሮቹ ቀስ ብለው መንገዳቸውን ይጨርሳሉ። የልጅዎም እንዲያ የሆነ ይመስላል። በአንዳንዶቹ ግን የተዛባ ሥር ይበቅልና ሬቲናውን ስቦ ከቦታው ያላቅቀዋል። ይህ ሳይደርስ በሌዘር ወይም በመርፌ ማከም ይቻላል። አሁን ማሞቂያ ክፍል ሕፃን ያላችሁ ወላጆች፣ በተወለደ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ዓይኑ መታየቱን ጠይቁ። እባካችሁ ቀኑን አታሳልፉ።

«ጠፍቷል» የተባለው የሥሮቹ ችግር ነው። ቀሪው የዓይን ክፍልም ቢሆን ያለ ጊዜው መወለድ ይነካዋል። የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ጎበጥ ብሎ ይቀራል። ሌንሱም ወፈር ይላል። ያኔ ብርሃኑ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ ሩቅ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ልጅዎ ቴሌቪዥኑን የሚጠጋው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፊት የምንለይባት፣ ፊደል የምናነብባት የሬቲና መሐል ትንሽ ጎድጓዳ ናት። እሷም በነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ጥልቀቷ ያንሳል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የሚዞረው ዓይን ነው። አእምሮ ከዞረው ዓይን የሚመጣውን ምስል መቀበል ይተዋል፤ በጊዜ ካልታከመ ዓይኑ ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ሲገባ» አይበሉ፤ በዚህ ወር የዓይን ሐኪም ይይልዎት፣ የሕፃናት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ፊደል ባይቆጥርም ችግር የለም። ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ ይደረግለታል። ትንሽ ያቃጥለዋል፣ ያለቅስ ይሆናል። ከዚያ እርስዎ ጭን ላይ ተቀምጦ ሐኪሙ መብራት እያበራ የመነጽሩን ቁጥር ይለካል። መነጽር ብቻውን ዓይኑን የሚያቃናበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ያስፈልጋል።

ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ሲሄዱ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠዎትን ወረቀት ይያዙ። ሳምንቱ፣ ክብደቱና ያኔ ዓይኑ ላይ የታየው ነገር እዚያ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።